በተራ የምንለብሰው ማስክ

ብየዳ የተማርኩት ወድጄ አይደለም። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት ስላልመጣልኝ ፍኖተ ሰላም ወደሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተመደብኩ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሜን ሳገኘው ከጎኑ «ብረታ ብረት» ይላል። እኔ የሞላሁት አካውንቲንግ ነበር። ገብቼ ስጠይቅ የሚመዘግበው ሰውዬ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ አካውንቲንግ ሞልቷል፣ ብረታ ብረት ግን ሴት ይፈልጋል አለኝ። ሴት የሚፈልገው ብረቱ ይሁን ሪፖርቱ አልነገረኝም። በኋላ ሲገባኝ፣ ስንት ሴት ገባች የሚለው ሪፖርት ነበር።

የመጣሁት ከቋሪት ነው፤ ከገበዝ ማርያም በእግር ወጣ ብሎ ካለ፣ ድንችና ገብስ ከሚበቅልበት ደጋ። በእኛ መንደር ብረት የሚነካ ሰው እንደ ሌላው ሰው አይቆጠርም። ማረሻ የሚስሉና ማጭድ የሚያበጁ ቤተሰቦች ከወንዙ ማዶ ለብቻቸው ይኖራሉ። ጠይብ ይሏቸዋል። ገበሬው ማረሻውን ይዞ ይሄዳል፣ ያሠራል፣ አመስግኖ ይመለሳል፤ ልጁን ግን አያሳያቸውም፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ተብሎ ይታመናላ። እኔም ወንዝ ስወርድ የእነሱን ልጆች ካየሁ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ እንዳደርግ ተነግሮኝ ነው ያደግሁት።

ስለዚህ ለእረፍት ቤት ስገባ ምን እንደምማር አባቴ ሲጠይቁኝ «ቴክኒክ» አልኳቸው። ቃሉ ደስ አላቸው። ጠላ ቤትም፣ ማኅበር ቤትም፣ ልጄ ቴክኒክ ናት ማለት ጀመሩ። ቴክኒክ ምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው የለም፤ ከመንግሥት ወገን የሆነ ትልቅ ነገር ይመስል ነበር።

አንድ አብሮ አደግ ነበረችኝ፤ የጎረቤት ልጅ ናት። አንድ ላይ ፊደል ቆጥረን፣ አንድ ላይ እንጨት ለቅመን አድገናል። ሰባተኛ ክፍል ሳለን ዳሯት። በሠርጓ ዋዜማ ከጎተራው ጀርባ ተቀምጠን ስናለቅስ፣ ሴት ልጅ ከወለደች ክርስትና የማነሳት እኔ እንደምሆን ቃል አስገባችኝ። ክርስትና ማንሳት በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። የክርስትና እናት ማለት ከሥጋ ዘመድ በላይ ናት፤ በዓመት በዓሉ ትጠራለች፣ ለቅሶ ሲሆን ከፊት ትቀመጣለች፣ ልጅቷ ስትዳርም ያለ እሷ አይሆንም። እኔ እህት የለኝም። ከትምህርቱ ወድቄያለሁ፣ ባል አላገባሁም፣ ከመንደርም ወጥቻለሁ። አንድ ቀን ሰው ሆኜ ወደ መንደሬ የምገባባት በር ያቺ ቃል ብቻ ነበረች። በልቤ ይዣት ነበር።

ማሠልጠኛው ግቢ ሰፊ ነው፤ ባሕር ዛፉም ደስ ይላል። ወርክሾፑ ውስጥ ግን ከማሽኑ ይልቅ የማሽን ሥዕል ይበዛል። መምህራችን ከወሎ የመጣ፣ ከሲታ፣ ትሑት ሰው ነበር። ሌዝ የሚባለውን ብረት የሚያሽከረክር ማሽን በጠመኔ ይሥልልንና፣ ይኼ እጀታው ነው፣ ይኼ ራሱ ነው፣ እያለ በእንጨት ይጠቁመናል። ሥዕሉ ቆንጆ ስለነበር ለማጥፋት ይሳሳለት ነበር። የእውነቱን ሌዝ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ክፍሎቹን ግን በእንቅልፌም ብትጠይቁኝ እቆጥራቸዋለሁ።

የብየዳ ማሽን አለን፤ ችግሩ መብራት ነው። ሲኖር ኤሌክትሮዱ፣ እየቀለጠ ብረት የሚያያይዘው ዘንግ፣ ያልቃል፣ ኤሌክትሮዱ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ያኔ መምህራችን «ደረቅ ብየዳ» የሚለውን ዘዴ አመጣ። መያዣውን ጨብጠን፣ ጫፉ ላይ ያለቀ ኤሌክትሮድ ቁራጭ ሰክተን፣ ሁለት ብረት ጎን ለጎን አጋድመን፣ እሳት እንዳለው ቆጥረን እጃችንን በቀስታ መሳብ። ፍጥነቱን እንዲያርመን፣ ዘንበል አድርጊው፣ አትቸኩይ፣ አሁን ተጣበቀብሽ፣ ይለን ነበር። ምንም ያልነካ ብረት ተጣበቀብሽ ሲባል እውነት ተጣብቆብኝ ይመስል እደነግጥ ነበር። ወንዶቹ በአፋቸው «ትስስስ» እያሉ ያሾፋሉ። እኔ ግን ከልቤ ነበር የምሠራው፤ እጄ አንድ ቀን እውነተኛ እሳት ያገኛል ብዬ አምን ነበር።

መብራትና ኤሌክትሮድ የተገናኙ ቀን ደግሞ ማስኩ አይበቃም። ብየዳ ብርሃኑ ዓይን ያጠፋል፤ ያለ ጥቁር መስታወት አይታይም። መስታወቱ ያልተሰነጠቀ ማስክ አንድ ብቻ ነበር፤ በተራ እንለብሰዋለን። ተራው ደግሞ በጉልበት ነው፤ ወንዶቹ ይቀድማሉ፣ እኛ ሴቶቹ ከኋላ ቆመን በጣታችን መሐል እያጮለቅን እናያለን። ሳያዩ መማር አይቻል፣ ማየትም አይቻል። ብየዳው የመታው ሰው ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስለዋል። ያብጣል፣ ይቀላል፣ ውኃ ያወርዳል። መድኃኒቱ ድንች ቆርጦ ዓይን ላይ ማሰር ነው። እናቴ ከሰፈር ሰው ጋር የምትልክልኝን ድንች እኩሌታውን በላሁት፣ እኩሌታውን ዓይኔ ላይ አሰርኩት።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ለትብብር ሥልጠና ወደ ቡሬ ተላክን። ሥልጠናው ማለት በከተማው ካሉ ብረታ ብረት ቤቶች ገብቶ ሥራውን በሥራ ላይ መልመድ ነው፤ እንዲያ ነበር የተባልነው። እኔ የደረሰኝ በርና መስኮት የሚሠራ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ቤት ነው። ባለቤቱ ሲያየኝ ሳቀ። ሴት ልከውልኝ ምን ላድርጋት ብሎ ሠራተኞቹን ጠየቃቸው። መጀመሪያ አስጠረገኝ፣ ቀጥሎ ቀለም አስቀባኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላው ሲበይድ ቱቦላሬ የሚባለውን ውስጠ ክፍት ብረት እንዳይንቀሳቀስ አስያዘኝ። የሚይዝ ሰው ማስክ አይለብስም፤ ፊቱን ያዞራል እንጂ። አንድ ቀን በያጁ ታሞ ቀረ፣ ደንበኛ ደግሞ ቆሞ ይጮኻል፤ ባለቤቱ ሲጨንቀው መበየጃውን ያዢው እስቲ አለኝ። ያዝኩት። በደረቁ የለመደው እጄ ሄደልኝ። ከብየዳው ላይ ቆሻሻውን በመዶሻ ሲያራግፈው ከሥር የወጣው መስመር የተስተካከለ ነበር። ባለቤቱ ሌላ ብረት አቀበለኝ። ያን ቀን እንደ ተደሰትኩ ደግሜ መደሰቴን አላስታውስም።

ሥልጠናው ሲያልቅ የብቃት ምዘና አለ፤ ሁላችንም ሲኦሲ እንለዋለን። በምዘናው ቀን መብራት አልነበረም። መዛኙ ሰዓቱን ደጋግሞ አየና እንዴት እንደምንበይድ በቃል ንገሩኝ አለን። በቃል በየድኩ፤ ብቁ ተባልኩ። ከዚያ ተደራጁ ተባልን። ማኅበር አቋቋምን፣ ስብሰባ ገባን፣ ሼድ ተሰጠን። ሼዱ ቆርቆሮው አዲስ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ የመብራት መስመር ግን ያልደረሰበት ነበር። ትንሽ ቆዩ ተባልን፤ ቆየን። ከዚያ አንዱ ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄደ፣ ሌላው አዲስ አበባ ገባ፣ አንዱ ፖሊስ ሆነ። ሼዱ ውስጥ የአካባቢው በጎች ዝናብ ይጠለሉበት ጀመር። እኔ ወደ ቡሬው ሰውዬ ተመልሼ ሥራ ካለህ አልኩት። ሲበዛበት ጠራኝ፣ ሲያንስበት አሰናበተኝ። ቢሆንም እሠራለሁ፤ ሰው የሚኖርበት ቤት በር በእጄ ያልፋል። ቡሬ ላይ ትልልቅ ፋብሪካ ሊተከል ነው ይባልም ስለነበር፣ ያኔ እኔን የመሰለ ሰው ይፈለጋል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

አብሮ አደጌ ሴት ልጅ ወለደች። ለገበያ የመጣ ሰው ወሬውን አደረሰልኝ፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቃልሽን እንዳትረሺ ብላሻለች አለኝ። ከደስታዬ ብዛት ማልቀስ ዳዳኝ። ለልጅቱ ነጭ ልብስ ገዛሁ፣ ለአንገቷ ክር ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳይጠይቀኝ የክርስትና እናት ልሆን ነው እለው ነበር።

ከጉዞዬ በፊት በነበረው ቀን ባለቤቱ የሚያስረክበው የሆቴል መስኮት ነበረበትና ሁለታችንም ገባንበት። ማስኩን እሱ ለበሰው። እኔ ዓይኔን እየጨፈንኩ ነጥብ ነጥብ አያያዝኩ። እንደሚመታኝ አውቃለሁ፤ ግን ከክርስትናው ስመለስ ሥራው እንዲጠብቀኝ እፈልጋለሁ። በማግስቱ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍሬ ገበዝ ማርያም እስክገባ ዓይኔን አልገለጥኩም። ሰዎች እያለቀሰች ነው ብለው አዘኑልኝ። ከዚያ በእግሬ ወደ መንደር ስወጣ ብርዱ ትንሽ አበረደልኝ።

አብሮ አደጌ ቤት ስደርስ ድግሱ እየተሰናዳ ነው። አማቶቿ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል፤ በሩ የላሜራ በር ነው፣ ከላይ የፀሐይ ጨረር ቅርጽ አለው፣ ሰማያዊ ተቀብቷል። ገና ከሩቅ አወቅሁት። ከቡሬ ከእኛ ቤት የወጣ ነው፤ ጨረሩን አንድ በአንድ ያያያዝኩት እኔ ነኝ። ለማን እንደሚሄድ ያኔ አላወቅሁም ነበር። ልቤ ሞቅ አለ። እግዜር ከእኔ አስቀድሞ በሬን ልኮልኛል አልኩ በሆዴ።

ጓደኛዬ አቅፋ ሳመችኝ። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ሕፃኗን ታቅፈው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እጄን ዘርግቼ ወደ እሳቸው ስሄድ ፊቴን አዩትና ነጠላቸውን በልጅቱ ላይ ጣል አደረጉ። እንደ ዋዛ ነው ያደረጉት፤ ዝንብ እንደሚከላከል ሰው። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣

«ዓይንሽን ምን ነካብኝ ልጄ?» አሉኝ።

ብየዳ ነው፣ ብረት ሲያያዝ ብርሃኑ ይመታል፣ በሁለት ቀን ይሽራል አልኳቸው። ብረት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች እጃቸው ቆመ። ያኔ ዝም ብል ኖሮ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር፤ አላውቅም። እኔ ግን ሙያ እንዳለኝ፣ ተምሬ ባዶ እጄን እንዳልቀረሁ እንዲያውቁልኝ ፈለግሁ። በእንጀራዬ ኮራሁ። ወደ በሩ ጠቆምኩና፣

«እማማ፣ ይኸን በርዎን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም በሩን አዩት። ከዚያ ሁሉም ሌላ ሌላ ነገር ማየት ጀመሩ። አማቷ እጅሽ ይባረክ አሉኝ፤ ባረኩኝና ሕፃኗን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። እስክወጣ ድረስ አልተመለሱም። ከሴቶቹ አንዷ ጤና አዳም ከጓሮ ቀጥፋ ተከትላቸው ስትገባ አየሁ። ጤና አዳም የሰው ዓይን እንዳይበላ እንደሚያዝ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፣ አይጠፋኝም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ እኛ ቤት ደርሶ ነበር። እናቴ ድንች እየቆረጠች ዓይኔ ላይ አሰረችልኝና፣ ለምን ተናገርሽ አለችኝ። አባቴ ከውጭ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዓይኔ ታስሮ ስለነበር ፊታቸውን አላየሁትም።

«መንግሥት ጠይብ ነው ያደረገሽ?» አሉኝ።

አልተቆጡም፤ ሊረዱት ፈልገው ነው የጠየቁኝ። ጠይብነት በዘር እንጂ በትምህርት እንደማይመጣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ከእኛ ወገን ብረት ነክቶ የሚያውቅ ሰው ኖሮ አያውቅምና፣ እኔ ምን እንደምባል የሚነግራቸው አልነበረም። ማሠልጠኛው የሌለውን ሌዝ አስተምሮኛል፣ ለዚህ ጥያቄ ግን አንድ ቃል አላስታጠቀኝም።

ሲነጋ ነጩን ልብስና ክሩን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አጥቢያው ትንሽ ነው፤ ሁሉም ሰው ያየኛል። ካህኑ የክርስትና እናቷን ሲጠሩ ከጓደኛዬ ጎን የቆመች የባሏ አጎት ልጅ ሕፃኗን ተቀበለች። ምንም አልተረበሸም፤ ቀድሞ የተነገራት መሆኑ ያስታውቃል። እኔ ከሴቶቹ በር አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ልጅቱ ውኃው ሲነካት አለቀሰች። ልብሱን እጄ ላይ ጨምድጄው ነበር።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ጓደኛዬ ወደ እኔ መጣች። ከሰው ፈንጠር ብለን ቆምን። ዓይኔን ላለማየት መሬት መሬት ታያለች፤ እሷም ታለቅሳለች።

«እኔ አይደለሁም ያልኩት። እኔ አንቺን አውቅሻለሁ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ግን ልጅ ናት እህቴ። አንድ ነገር ብትሆንብኝ ምን ብዬ እኖራለሁ?»

ተናድጄ ነበር፤ ልጮኽባት ነበር የሄድኩት። ግን የጠየቀችኝ ነገር እውነተኛ ነው። በእሷ ቦታ እኔ ብሆን፣ አሥረኛ ክፍል ሳልደርስ፣ ከመንደር ሳልወጣ፣ የምፈራው እንደዚያው ነበር። እንዲያውም ነጠላውን ከአማቷ ቀድሜ የማለብሰው እኔ ነበርኩ። ዓይኔ ሲሽር ልምጣ? አልኳት። ልብሱንና ክሩን ተቀበለችኝ፣ ሳመችኝና ወደ ልጇ ተመለሰች።

ከድግሱ አልገባሁም፤ መንገዱ ግን በደጃቸው ያልፋል። ካህናቱ ቤቱን ባርከው ሲወጡ አማቷ ለአንደኛው ቄስ በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገሯቸው። ቄሱ ተመለሱና በሩ ላይ ጠበል ረጩ፤ ከላይ ከፀሐዩ ቅርጽ ጀምረው እስከ ታች። ውኃው በብየዳው መስመር እየተከተለ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ከጨረሩ ሥር ቀለም በደንብ ያልያዘው ቦታ እንዳለ አውቃለሁ፤ ውኃ ከገባበት ይዝጋል። በዚያች ሰዓት ወደ ራሴ የመጣው ሐሳብ ይኸው ነው። ሳቄ መጣ። አልፌ ሄድኩ።

ቡሬ ብዙ አልቆየሁም። መብራት ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትተን እንውል ነበር፤ ባለቤቱ ሰለቸውና ዕቃውን ጭኖ ባሕር ዳር ገባ። ማስኩንም አብሮ ወሰደው። ሌላ ቤት ብጠይቅ ወንድ ይፈልጋሉ፤ ማስታወቂያ ባነብ የሥራ ልምድ ያለው ይላል፤ ልምዴን የሚመሰክርልኝ ሰው ደግሞ ባሕር ዳር ነው። ፋብሪካው ይመጣል የሚለው ወሬ አሁንም አለ። እኔ ግን ፍኖተ ሰላም ተመልሼ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሻይ አፈላለሁ። ለሠራተኞቹ ብርጭቆ ሳቀርብ፣ በብረታ ብረት ሠልጥነው ሥራ ስለያዙ ሴቶች ሪፖርት ሲያዘጋጁ ሰምቻለሁ። አንዷ እኔ ነኝ፤ ሻዩንም ሥራ ብለው ይዘውልኛል። ስኳሩን ጨምሬ ወጣሁ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ታማ ልጠይቃት ስሄድ ገበዝ ማርያም ላይ ገበያ ቀን ነበር። ድንች ከሚሸጥበት በኩል አብሮ አደጌን አየኋት። አጠገቧ አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ትምህርት ቤት የገባች ትመስላለች፣ ሹሩባ ተሠርታለች፣ አንገቷ ላይ ክር አለ፤ ያኔ የሰጠሁት ክር ይሁን የሌላ አላወቅሁም። ልጅቱ እኔን አየችና ፈገግ አለች፤ ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ብየዳ ከተውኩ ቆይቷል። ዓይኔ ጥርት ያለ ነው፤ የመታው ነገር የለም። እናቷ ቀና ብላ አየችኝ፣ በአንገቷ ሰላም አለችኝ፣ ሰላምታዋም ከልቧ ነበር። ከዚያ እጇ ዝም ብሎ ወደ ነጠላዋ ሄደና ጫፉን በልጅቱ ፊት ላይ ሳብ አደረገችው።